የሰሚ ደመወዝ

ለውድ እህቴ ለእታለም አልጣሽ፤

ከመሐል ሜዳ ብርድ የተነሣው ሰላምታዬ እስከ አሰብ ሐሩር ድረስ ሳይጎድል ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? እንደምንስ ከርመሻል? ያ የእግርሽ እብጠት ተሻለሽ ወይስ ሙቀቱ አባሰው? ባለቤትሽ ጋሼ ሀብተ ማርያምስ ከወደቡ ሥራ ጋር እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? ኮከቤ አሁንም ዓሣ አልበላም ትላለች? እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሳችሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደኅና ነኝ። በአካል ያልሁት ሆን ብዬ ነው፤ የቀረውን ወደ ታች ታነቢዋለሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጥቅምት ነው። አሁን የካቲት ነው። አራት ወር መልስ ያልሰጠሁሽ ወረቀት አጥቼ አይደለም፤ አውቶቡስ ቀርቶም አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ሁልጊዜ የምቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው። «ለየትምወርቅ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ አንድ መሥሪያ ቤት መሆናችሁ ለእኔ ዕረፍት ነው» ብለሻል። እዚያ ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጣለሁ። የትምወርቅ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የለችም እታለም። ከወጣች ዓመት ሊሞላት ነው። ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

ይኸው ጻፍሁት።

ግን አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ፤ አለዚያ ስለ እምዬ አንድ ነገር የደበቅሁሽ ይመስልሻል። እምዬ ደኅና ናት። ዓይኗ ደከም ብሏል እንጂ ሱፍ መፍተሉን አልተወችም፤ በጣቷ ነው የምታየው። ገብሱን በኅዳር ውርጭ መታው፤ የታችኛው ማሳ ተርፏል። ሁለት በጎች ወልደዋል። ባለፈው ወር ስሄድ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ሳለ «ለመሆኑ ምን ሠርተህ ነው ይህን ያህል የሚከፍሉህ?» አለችኝ። ሰው እሰማለሁ አልኋት። «መስማት ብቻ?» አለች። አዎ፣ የተበደለውን፣ ያጉረመረመውን። «እኔ አባትህን ሠላሳ ዓመት በነጻ ሰምቻለሁ፤ እስቲ ውዝፌን ጠይቅልኝ» አለችና ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከቤት ወጥቼ ግን ከድንጋዩ ካብ ጥግ ብዙ ቆምሁ።

ስለ ሥራዬ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም፤ «ኃላፊ ሆንሁ» ብዬ ብቻ ነው የጻፍሁልሽ። ድርጅታችን ለገበሬው ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ አቡጀዲ ይሸጣል፤ ከገበሬው ሱፍ ይገዛል። የደንበኞች ጉዳይ ክፍል የሚባለው አቤቱታ የሚቀበለው ነው። ሚዛን ጎደለብኝ፣ ላምባው ውኃ አለበት፣ ሱፌን ሁለተኛ ደረጃ አሉብኝ የሚል ሁሉ ወደ አንድ መስኮት ይመጣል። በዚያ መስኮት የምትቀመጠው የትምወርቅ ነበረች። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ካንቺ ጋር ባንድ መቀመጫ ፊደል የቆጠረች፤ ባሏ ወደ ሰሜን ዘምቶ ሳይመለስ ሲቀር «አንድ ነገር አድርግላት» ብለሽ የለመንሽኝ። ለሥራ አስኪያጁ ነግሬ አስቀጠርኋት። በወር ስልሳ ሁለት ብር።

አሠራሯ እንዲህ ነበር። ሰው ሲናገር ብዕር አትይዝም። እጇን በመስኮቱ ደፍ ላይ አጣጥፋ ፊት ፊቱን እያየች «እሺ፣ ይበሉ» ትላለች። ያገራችንን ሰው ታውቂዋለሽ። የላምባውን ነገር ለመናገር ካያቱ ርስት ይጀምራል፤ በሬው የሞተበትን ዓመት ያነሣል፤ የልጁን ሠርግ ያነሣል፤ ላምባው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ አታቋርጥም። «እህ» ትላለች። «ወይ ጉድ» ትላለች። ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው ወረቀት አውጥታ የምትጽፈው፤ አምስት መስመር፣ አንዲት ነገር ሳትስት። እኔ ከኋላዋ ባለው ክፍል ተቀምጬ ያችን አምስት መስመር እፈርምባት ነበር። ክፍሉ ማለት ይኸው ነው። እሷና እኔ።

ባለፈው ዓመት በመጋቢት ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። የደንበኞች ጉዳይ ክፍል ኃላፊዎች ደረጃ ከፍ እንዲል ተፈቅዷል፤ ሆኖም በጀት አይጨመርም፤ ገንዘቡ ከዚያው ከክፍሉ ይፈለግ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ጓድ አፈወርቅ አስጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አስቦልኝ ነው። «ከሁለት መቶ ሰማንያ አምስት ወደ ሦስት መቶ አርባ ሰባት ትወጣለህ። ልዩነቱ ስልሳ ሁለት ብር ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ሻዩን አማሰለ። ስልሳ ሁለት ብር ማን እንደሆነች ሁለታችንም እናውቃለን። «መስኮቱስ?» አልሁት። «አንተ የተማርህ ሰው አይደለህም እንዴ? ለመስማትማ ካንዲት የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ትሻላለህ» አለኝ።

አመንሁት። ከሁሉ የማፍርበት ይኸ ነው። ገንዘቡን ብቻ ፈልጌ ቢሆን ኖሮ ስግብግብ ነኝ ብዬ እተኛ ነበር። እኔ ግን እሻላለሁ ብዬ አመንሁ።

ለየትምወርቅ የነገርኋት በወረቀት ነው። በሦስት እርምጃ ርቀት ለተቀመጠች ሰው ደብዳቤ ጻፍሁ። «የሥራ መደቡ ስለታጠፈ» የሚል። አንብባ ስትጨርስ አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «ጽሕፈትህ አምሯል» አለችኝ። የምታሾፍብኝ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አላሾፈችም። ከልቧ ነው ያለችው። የመጀመሪያውን አዲስ ደመወዝ ስቀበል ላንቺ ሃያ ብር ላክሁ፤ አንቺም ጎረቤቶችሽን ጠርተሽ «ወንድሜ ተሾመ» እንዳልሽ ጻፍሽልኝ። ያን ደብዳቤሽን እስከ መጨረሻው አላነበብሁትም።

መስኮቱን ዘግቼ ባለጉዳይ ወደ ውስጥ እንዲገባ አደረግሁ። ወንበር አስቀመጥሁ። ቅጽ አሳተምሁ፦ ስም፣ ቀበሌ፣ የአቤቱታው ዓይነት። መጀመሪያ የገቡት ከዘመሮ በኩል የመጡ አባ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን ዝቅ አድርገው አደግድገው ቆሙ። ይቀመጡ አልኋቸው፤ ተቀመጡ። «ይናገሩ» አልሁና ቅጹ ላይ መጻፍ ጀመርሁ። ዝም አሉ። ቀና ስል ያዩኛል። «ይናገሩ አባቴ» ብዬ እንደገና አቀረቀርሁ። ዝም። ስማቸውንና ቀኑን ጽፌ የሚሉትን እጠብቃለሁ፤ እሳቸው ደግሞ እኔን ይጠብቃሉ። በመጨረሻ «ግድ የለም ልጄ፣ ሥራህን ጨርስ። ጽፈህ ስትጨርስ እነግርሃለሁ» አሉኝ። የምጽፈው የእርስዎን ቃል ነው አልኋቸው። ግራ ገባቸው። «ሳልነግርህ ምኑን ትጽፋለህ? እየነገርሁህ ከጻፍህስ በምንህ ትሰማኛለህ?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ተነሡ። «ሥራ በዝቶብሃል፤ እግዚአብሔር ያበርታህ» ብለው መረቁኝና ወጡ። በራፉ ላይ ተራ ለሚጠብቀው ሰው «ደግ ልጅ ነው፤ ጆሮውን ሳያመው አይቀርም» ሲሉት ሰማሁ።

ከዚያ ወዲያ የሚገባ ሰው ጠፋ። አንድ ሳምንት። ሁለት ሳምንት። ወር። ወንበሩ ባዶ። እኔ ምን እንዳሰብሁ ታውቂያለሽ? ሕዝቡ ረክቷል ብዬ አሰብሁ። አይ፣ አላሰብሁም፤ ጻፍሁ እንጂ። «በተደረገው የአሠራር ማሻሻያ አቤቱታ በእጅጉ ቀንሷል» ብዬ ሪፖርት ላክሁ።

በሰኔ ወረቀቶች መምጣት ጀመሩ። በበሩ ሥር ሾልከው፣ በዘበኛው እጅ፤ በገበያ ቀን አንዳንዴ አሥር፣ አንዳንዴ ሃያ። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት፤ አምስት መስመር። ከላይ «ለደንበኞች ጉዳይ ክፍል ኃላፊ» ይላል እንጂ ስሜ የለም። ከታች የባለጉዳዩ የጣት አሻራ። ጽሕፈቱን ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም። ሰዉ በቢሮዬ ደጅ እያለፈ፣ ከገበያው በታች ወዳለችው ቤቷ ይሄድ ነበር። ደመወዝ የላትም። መስኮት የላትም። ትሰማለች።

ወረቀቶቹን ተቀብዬ ሠራሁባቸው። ውኃ የገባበት የላምባ በርሜል ተለወጠ። ሚዛኑ ተስተካከለ። ለአባ ወልደ አማኑኤልም የሱፋቸው ዋጋ ታረመላቸው። ይህን ሁሉ በየወሩ በስሜ ጻፍሁ። የመሐል ሜዳው ቅርንጫፍ ተመሰገነ። በጥር ወደ ደብረ ብርሃን ተጠርቼ ለሰባት ቅርንጫፍ ኃላፊዎች ስለ አደማመጥ ዘዴ አንድ ሰዓት ተናገርሁ። አንድ ሰዓት፣ እታለም። ባለጉዳዩን ፊት ፊቱን ማየት አለባችሁ አልኋቸው፤ ሲናገር ብዕር አትያዙ አልኋቸው። ሁሉም አቀርቅረው ይጽፉ ነበር። እኔን የሚያይ አንድም ሰው አልነበረም።

ስብሰባው ሲያልቅ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት ሰው እጄን ጨበጡኝ። ደረጃህ ወደ አራት መቶ ሃያ ከፍ ይላል አሉኝ። ደግሞም የእኛ አሠራር በሰባቱም ቅርንጫፎች ይደረጋል፤ የመስኮት ሠራተኞች መደብ ይታጠፋል፤ ኃላፊዎች በዚያው በጀት ያድጋሉ። ተሞክሮህን በየካቲት መጨረሻ ጽፈህ ላክ አሉኝ። በአውቶቡሱ ስመለስ በጣቴ ቆጠርሁ። በሰባቱ ቅርንጫፎች ዘጠኝ መስኮት አለ። ዘጠኝ የማላውቃቸው ሰዎች። የማውቃትን አንዲቷን እንዲያ ያደረግሁ ሰው፣ የማላውቃቸው ዘጠኙ ምን ያህል ይቀልሉት ይሆን? ራሴን ፈራሁት።

በቅበላው ቅዳሜ ወደ ቤቷ ሄድሁ። ገበያው ሞልቶ ነበር። ከደጇ ድንጋይ ላይ አምስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ፤ ሲያዩኝ ብድግ አሉ። ተቀመጡ ብዬ ከመጨረሻው ሰው ጎን ተቀመጥሁ። አንዱ ቀልደኛ «ጓድ ኃላፊንም የሚበድል አለ እንዴ?» አለ። ሌላው «ዝም በል፣ ላምባው እሱም ጋ አልበራ ብሎ ይሆናል» አለው። ሳቁ። የትምወርቅ ድምፁን ሰምታ ብቅ አለች። እንዝርት ይዛለች፤ የምትኖረው ሱፍ ፈትላ እየሸጠች ነው። አየችኝ። «ልትቆጣጠረን ከሆነ ግባና ወረቀቱን እይ። አቤት ልትል ከሆነ ተራህን ጠብቅ» አለችኝ። ተራዬን እጠብቃለሁ አልኋት።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ። ከውስጥ «እህ» የምትለው ይሰማኛል። አንድ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ሲወጣ ያመጣውን አንድ እንቅብ ኩበት ከግድግዳው ሥር ሊያስቀምጥ ሲል ተከትላው ወጣች። «ይዘኸው ሂድ» አለችው። «ለድካምሽ ነው እንጂ!» አላት። «ዛሬ ካንተ ኩበት ከተቀበልሁ ነገ ኩበት የሌለው ሰው አይመጣም» አለችው። ሰውየው እንቅቡን ተሸክሞ በአጠገቤ አለፈ። ወደ መሬት አየሁ።

ተራዬ ደረሰና ገባሁ። መጀመሪያ ያንቺን ነገርኋት። «እታለም አልጣሽ ሰላም ብላሻለች፤ ደብዳቤው ከመጣ አራት ወር ሆነው» አልኋት። «ሰላምታዋ ካሰብ በእግሩ ነው እንዴ የመጣው?» አለችና ስለ እግርሽ ጠየቀችኝ፤ ስለ ልጆቹ ጠየቀችኝ። እንዳልተቆጣች ሳይ ደፈርሁና ሠላሳ አንድ ብር ከኪሴ አወጣሁ። በየወሩ ይህን ልስጥሽ አልኋት። ብሩን አልነካችውም። «ይኸ የማነው?» አለችኝ። ከደመወዜ ነው አልሁ። «ያንተ ከሆነ ለምን ትሰጠኛለህ? የእኔ ከሆነ ደግሞ ለምን ግማሹን?» አለች። «መርስዔ፣ ልትነግረኝ መጣህ ወይስ ልትከፍለኝ?»

ብሩን ወደ ኪሴ መለስሁ። ልነግርሽ አልኋት። እንዝርቷን አስቀመጠች። እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ አንቱ ብላ «እሺ፣ ይበሉ» አለችኝ።

ባለ ሦስት መስመር ቅጽ ያሳተምሁት ሰው ከምን እንደጀመርሁ ልንገርሽ? ካባታችን ሞት ጀመርሁ። አንቺ እኔን ለማስተማር የሱፍ ብርድ ልብስሽን፣ ያን ባናሽን የሸጥሽበትን ዓመት አነሣሁ። የመጀመሪያ ጫማዬን አነሣሁ። የጓድ አፈወርቅን ሻይ፣ የደብረ ብርሃኑን አንድ ሰዓት። አላቋረጠችኝም። ስለ ራሷ መባረር ስነግራት እንኳ ስለ ሌላ ሴት እንደምትሰማ ሁሉ «ወይ ጉድ» አለች። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «የሚጠይቁት ምንድን ነው?»

አላውቅም ነበር። እሷም አልረዳችኝም፤ ጠበቀች። በመጨረሻ ሦስት ነገር አልሁ። የመስኮቱ መደብ ይመለስ። የእኔ ደረጃ ወደ ነበረበት ይውረድ። የሰባቱ ቅርንጫፍ ሠራተኞች አይነኩ፤ የተመሰገነው ሥራ የእኔ አልነበረምና። ይህን ካልሁ በኋላ ወረቀት አውጥታ ጻፈች። አምስት መስመር። «ፊርማ ነው አሻራ?» አለችኝ። አሻራ አልሁ። ፊርማዬን አላመንሁትም።

ሰኞ ጠዋት ዘበኛው የቅዳሜውን ወረቀቶች አመጣልኝ። የእኔም አብሮ አለ። «ለደንበኞች ጉዳይ ክፍል ኃላፊ» ይላል። ሰሚው እኔ፣ ከሳሹ እኔ፣ ተከሳሹም እኔ። «ተሰምቷል፤ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላክ» ብዬ መፈረም ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ጓድ አፈወርቅ ገብቶ አየው። በሩን ዘጋ። «እንዲህ ያለ ነገር ሻጥር ይባልብሃል» አለኝ፤ «ወረቀት እንደሆነ ይጠፋል፤ ይጥፋ» አለኝ። አሁንም ለእኔ አዝኖ ነው። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ሰኞ ዋለ። ማክሰኞ ዋለ። ረቡዕ ተሞክሮዬን መጻፍ ጀመርሁ፤ ግማሽ ገጽም ሄድሁ፤ እንዴት አድርጎ እንደሚያምር ብታዪው! ያን ጊዜ ነው ማንነቴን ያወቅሁት። ብቻዬን ከተተውሁ ወረቀቱ እንደሚጠፋ።

ስለዚህ ዛሬ ላንቺ ጻፍሁ። አንቺ ካወቅሽ መሳቢያው ምሥጢር አይሆንም። ወረቀቱን አሁን ፈርሜበታለሁ። ነገ ዓርብ በሚሄደው አውቶቡስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ባንድ ከረጢት ይወጣል። ምን እንደሚመልሱ አላውቅም። ምናልባት የእኔን ወስደው ለእሷም አይመልሱላት ይሆናል። ምናልባት ከሥራ ያስወጡኝ ይሆናል። ይህንንም ለየትምወርቅ ነግሬያታለሁ። «እኔ እንደሆነ ቤቴ አለሁ» አለች።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የምልክልሽ ያንሳል፤ ሊቀርም ይችላል። ጎረቤቶችሽ ለምን ካሉሽ ታመመ አትበይ። ተዛወረም አትበይ። የሚሰማው ሌላ ሰው ነበር፤ ደመወዙን የሚበላው ግን እሱ ነበር በያቸው። እንዲህ ስትይ ፊትሽ ምን እንደሚመስል ይታየኛል። ይቅርታሽን በዚህ ደብዳቤ አልጠይቅም፤ ገና ምንም አልመለስሁምና።

ለኮከቤ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ዓሣውን ትሞክረው፣ ካልጣማት ትተው። የታናሿን የገብረየሱስን ጉንጭ ሳሚልኝ። ለእማማ ገበያነሽ፣ እንደ እናት ለያዙሽ አማትሽ፣ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ በጸሎታቸው ያስቡኝ። እምዬ ሁላችሁንም ስማችሁን እየጠራች ሰላም ብላለች። ለጋሼ ሀብተ ማርያም የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። ይህንንም ደብዳቤ ማታ ከሥራ ሲመለሱ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው። የምታፍሪበት ቦታ ስትደርሺ አትዝለዪው።

ወንድምሽ መርስዔ ኃዘን
መሐል ሜዳ፣ መንዝ
የካቲት 19 ቀን 1979 ዓ.ም.